የሞላላ ፍሰት ሞዴል በራሳችሁ ላፕቶፕ፦ ከዜሮ ፈተና እስከ ግላውበር

አራት ኪሎ ዙሪያ ባሉ ካፌዎች ላፕቶፕ ከፍተው የከባድ ኒውክሊየስ ግጭትን ሞዴል የሚያደርጉ የማስተርስ ተማሪዎች አሉ። ጠጋ ብዬ ሳይ ችግራቸው ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ኮዱ ይሠራል፣ ግራፉም ያምራል፣ ቁጥሩ ግን ልክ አይደለም። ፍሰት በሌለበት ፍሰት ያሳያል፣ ወይም ያለውን ፍሰት ግማሹን ይውጠዋል። አማካሪው «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ሲል መልስ ይጠፋል።

ምክንያቱ ቅደም ተከተሉ ነው። ብዙ ሰው ከከባዱ ይጀምራል። የሃይድሮዳይናሚክስ (ግጭቱን እንደ ፈሳሽ ፍሰት የሚያሰላ) ፓኬጅ ያወርዳል፣ ሁለት ሳምንት ሲያስተካክል ይከርማል፣ መጨረሻ ላይ የራሱ የትንተና ኮድ ልክ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። እዚህ የምንሄደው በተቃራኒው ነው። መልሱን የምታውቁትን ዳታ ራሳችሁ ትሠራላችሁ። ኮዳችሁ የደበቃችሁትን ቁጥር መልሶ እስኪያመጣ ድረስ ወደሚቀጥለው ደረጃ አትለፉ።

የምንለካው ነገር ባጭሩ ይህ ነው። ሁለት የእርሳስ ኒውክሊየሶች መሐል ለመሐል ሳይሆን ገፋ ብለው ሲጋጩ የሚደራረቡበት ቦታ እንደ ለውዝ ፍሬ ሞላላ ይሆናል። በአጭሩ ጎን በኩል ግፊቱ በፍጥነት ስለሚቀንስ ቅንጣቶች ወደዚያ አቅጣጫ በብዛት ይወጣሉ። ሞላላ ፍሰት የሚባለው ይህ ነው፤ የመበላለጡ መጠን ቪ2 ይባላል። ቪ2 ማለት በቅንጣቱ ማዕዘንና በግጭቱ ፕሌን (የጨረሩ መስመርና የሁለቱን ኒውክሊየሶች መሐል የሚያገናኘው መስመር የሚሠሩት ገጽ) መካከል ያለው ልዩነት በ2 ተባዝቶ፣ ኮሳይኑ ተወስዶ የሚገኘው አማካይ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ፓይተን፣ ነምፓይ እና ማትፕሎትሊብ ይበቃሉ። ኢንተርኔት ደህና በሆነ ሰዓት ቀድማችሁ ጫኑ። ኦንላይን ኖትቡክ ላይ አትመኩ፤ ኮኔክሽን ሲቋረጥ የተሰላው ሁሉ አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

4 ጊጋባይት ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ አያሳፍርም። 2000 ኢቨንት (አንድ ኢቨንት አንድ ግጭት ነው) በ500 ቅንጣት ቢባዛ 1 ሚሊዮን ማዕዘን ነው። ይህ 8 ሜጋባይት ብቻ ነው።

መብራት ይጠፋል ብላችሁ አስቡና ሥሩ። በየ100 ኢቨንቱ ውጤቱን ለየብቻ ፋይል ላይ አስቀምጡ፣ ከፋይሉ ስም ጋር የራንደም ሲዱን (የራንደም ቁጥሮቹን መነሻ ቁጥር) ጻፉ። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ማስጠንቀቂያ አለ። መብራት ሲመለስ በዚያው ሲድ አትጀምሩ። በዚያው ሲድ ከጀመራችሁ ያንኑ ኢቨንት ደግማችሁ ትሠራላችሁ። ዳታው የበዛ ይመስላል፣ የስህተት ባሩም ያለ አግባብ ይጠባል። ማንም አይነግራችሁም፤ ፕሮግራሙም አያስጠነቅቅም። ለእያንዳንዱ ፋይል የተለየ ሲድ ስጡ።

ሁሉንም ማዕዘን በራዲያን ያዙ። ዲግሪ ለግራፍ ብቻ ይሁን።

ደረጃ 1፦ ፍሰት የሌለው ዳታ ሥሩ

1. ለእያንዳንዱ ኢቨንት ከ0 እስከ 2ፓይ ድረስ 500 እኩል ዕድል ያላቸው ማዕዘኖች አውጡ።
2. 2000 ኢቨንት ሥሩ።
3. የሁሉንም ማዕዘን ሂስቶግራም አውጡ። ጠፍጣፋ መሆን አለበት።

500 የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። አሊስ የተባለው የሰርን ሙከራ በ2.76 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት የእርሳስ ግጭት ከ20–30% ባለው የማዕከላዊነት ክፍል (0% ፍጹም መሐል ለመሐል ግጭት ነው) በአንድ ሱዶራፒዲቲ (ቅንጣቱ ከጨረሩ አንጻር የሚወጣበትን ማዕዘን የሚገልጽ ቁጥር) ዩኒት ወደ 650 የሚጠጉ ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች ለክቷል። በ30–40% ደግሞ 426 አካባቢ ነው። ስለዚህ 500 ከእውነተኛው ዓለም የራቀ ቁጥር አይደለም።

ይህን ደረጃ መዝለል ያምራል፣ ቀላል ነውና። አትዝለሉት። ከዚህ በኋላ የሚመጣው እያንዳንዱ ዘዴ በመጀመሪያ በዚህ ባዶ ዳታ ላይ ይፈተናል።

ደረጃ 2፦ ፍሰት ክተቱበት

1. ለእያንዳንዱ ኢቨንት ከ0 እስከ 2ፓይ አንድ ራንደም የፕሌን ማዕዘን ምረጡ።
2. ለአንድ ቅንጣት ራንደም ማዕዘን ፋይን ምረጡ።
3. 1 + 2 × 0.06 × ኮሳይን(2 × (ፋይ − የፕሌኑ ማዕዘን)) የሚለውን አስሉ።
4. ከ0 እስከ 1.12 ሌላ ራንደም ቁጥር ውሰዱ። በተራ 3 ከወጣው ካነሰ ቅንጣቱን ያዙ፣ ካልሆነ ጣሉት።
5. 500 እስኪሞላ ድገሙ።

ማረጋገጫው ሁለት ሂስቶግራም ነው። የፋይ ብቻውን ሲታይ ጠፍጣፋ ነው፣ ምክንያቱም ፕሌኑ በየኢቨንቱ ይዞራል። ፋይ ሲቀነስ የፕሌኑ ማዕዘን ግን በ0 እና በ180 ዲግሪ ከአማካዩ 12% ከፍ ማለት፣ በ90 እና በ270 ደግሞ ያንኑ ያህል ዝቅ ማለት አለበት።

*ሲበላሽ፦* በኋላ ቪ2 ወደ 0.031 ከወጣላችሁ ተራ 4 ላይ ከ1.12 ይልቅ 1 ጽፋችኋል። የኩርባው አናት ተቆርጧል ማለት ነው። ፕሌኑን ማዞር ከረሳችሁ ደግሞ የፋይ ሂስቶግራም ጠፍጣፋ አይሆንም፤ ይህን ሳታዩ ካለፋችሁ ደረጃ 5 ላይ ጉዱ ይወጣል።

ደረጃ 3፦ ባለ ሁለት ቅንጣት ኩሙላንት

ብዙ ማስተማሪያዎች ከኢቨንት ፕሌን (ከቅንጣቶቹ ከራሳቸው ከሚገመተው የግጭት ፕሌን) ይጀምራሉ። እኔ ከኩሙላንት መጀመርን እመርጣለሁ። ማረሚያው አንድ ብቻ ነው፣ ስህተቱም ቶሎ ይታያል።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። የግጭቱን ፕሌን በእውነተኛ ዳታ አናውቀውም። ነገር ግን ሁለት ቅንጣቶች ሁለቱም ከአንዱ ፕሌን ጋር ከተያያዙ እርስ በርሳቸውም ይያያዛሉ። የጥንዶቹ የኮሳይን አማካይ የቪ2 ስኩዌር ይሆናል።

ጥንዶቹን በሁለት ሉፕ አትቁጠሩ። በአንድ ኢቨንት 500 × 499 ማለትም 249,500 ጥንድ አለ። ለ2000 ኢቨንት ወደ ግማሽ ቢሊዮን ይጠጋል፣ የፓይተን ሉፕ በዚህ ላይ በጣም ይዘገያል። ይልቅ እንዲህ አድርጉ፦

1. ኪው-ኤክስ የሁሉም ቅንጣቶች ኮሳይን(2 × ፋይ) ድምር ይሁን።
2. ኪው-ዋይ የሁሉም ሳይን(2 × ፋይ) ድምር ይሁን።
3. ኪው ስኩዌር የሁለቱ ስኩዌሮች ድምር ነው።
4. የቅንጣቱን ብዛት ኤም በሉት። (ኪው ስኩዌር − ኤም) ÷ (ኤም × (ኤም − 1)) አስሉ።
5. በሁሉም ኢቨንት ላይ አማካዩን ውሰዱ። የኢቨንቶቹ የቅንጣት ብዛት ከተለያየ እያንዳንዱን በኤም × (ኤም − 1) መዝኑ።
6. ስኩዌር ሩት የሚወሰደው እዚህ፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ነው።

ተራ 4 ላይ ያለችው «− ኤም» ናት ሰው የምታሳስተው። እያንዳንዱ ቅንጣት ከራሱ ጋር ሲጣመር ኮሳይኑ 1 ይሆናል፤ 500 እንዲህ ዓይነት የውሸት ጥንዶች አሉ። እነሱን ካልቀነሳችሁ ባዶው የደረጃ 1 ዳታ 0.045 አካባቢ ቪ2 ይሰጣችኋል። ይህ 1 ሲካፈል ለ500 ስኩዌር ሩት ነው። 0.06 የከተታችሁበት ዳታ ደግሞ 0.075 ይሆናል። ሁለቱም ለዓይን «እውነተኛ» ይመስላሉ፣ አደጋውም ይኸው ነው።

በትክክል ሲሠራ የደረጃ 2 ዳታ ከ0.058 እስከ 0.062 መሐል ይወጣል።

*ሲበላሽ፦* ባዶው ዳታ ላይ ስኩዌር ሩቱ «ቁጥር አይደለም» ሊላችሁ ይችላል። ይህ ስህተት አይደለም። እውነተኛው መልስ ዜሮ ሲሆን አማካዩ በግምት በግማሹ ጊዜ ትንሽ ኔጌቲቭ ይሆናል። ኔጌቲቩን አትጣሉ፣ ፍጹም ዋጋውንም አትውሰዱ። ከስኩዌር ሩት በፊት ያለውን ቁጥር ከነስህተት ባሩ መዝግቡ። ለስህተት ባር ዳታውን 10 ቦታ ክፈሉ፣ በእያንዳንዱ አስሉ፣ መበታተኑን ለ10 ስኩዌር ሩት አካፍሉ።

አሁን አንድ ተጨማሪ ፈተና። ፍሰት የሌለበት ኢቨንት ውስጥ 250 ማዕዘን ብቻ አውጡና እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ጻፉ። ፍሰት የለም፣ መንትዮች ብቻ ናቸው። ኩሙላንቱ ግን እንደገና 0.045 አካባቢ ይላል። በእውነተኛ ዳታ ውስጥ ጄቶችና የሚፈርሱ ቅንጣቶች የሚሠሩት ይህንኑ ነው፤ ነን-ፍሎው ይባላል። መከላከያው ለእያንዳንዱ መንትያ ጥንድ ተቀራራቢ ሱዶራፒዲቲ መስጠትና ኢቨንቱን ለሁለት መክፈል ነው። ከ−0.5 በታች ያሉትን በአንድ ወገን፣ ከ0.5 በላይ ያሉትን በሌላ ወገን አድርጉ። የሁለቱን ወገኖች ኪው ቬክተሮች (ኪው-ኤክስ እና ኪው-ዋይ) በዶት ፕሮዳክት አባዙና ለብዛቶቻቸው ብዜት አካፍሉ። የጋራ ቅንጣት ስለሌለ እዚህ «− ኤም» አያስፈልግም። ውጤቱ ወደ ዜሮ መውረድ አለበት።

ደረጃ 4፦ ኢቨንት ፕሌን

1. ቅንጣቶቹን በራንደም ለሁለት፣ 250 እና 250 ክፈሉ።
2. ለእያንዳንዱ ግማሽ የፕሌን ማዕዘን አውጡ፦ አርክታን2(ኪው-ዋይ፣ ኪው-ኤክስ) ÷ 2።
3. የአንዱን ግማሽ ቅንጣቶች ከሌላው ግማሽ ፕሌን ጋር ብቻ አነጻጽሩ። የኮሳይን(2 × ልዩነት) አማካይ 0.041 አካባቢ ይወጣል።
4. ሬዞሉሽኑን (ፕሌኑ ምን ያህል በትክክል እንደተገመተ) አስሉ። የሁለቱ ፕሌኖች ልዩነት በ2 ተባዝቶ የኮሳይኑ አማካይ፣ ከዚያ ስኩዌር ሩት። 0.69 አካባቢ ይሆናል።
5. የተራ 3ን ለተራ 4 አካፍሉ። 0.06 ይመለሳል።

ከአርክታን2 ይልቅ ተራ አርክታን ከተጠቀማችሁ የፕሌኑ ማዕዘን ከ−45 እስከ 45 ዲግሪ መሐል ይታሰራል። የፕሌኑን ሂስቶግራም ሁልጊዜ አውጡ። ከ−90 እስከ 90 ጠፍጣፋ ካልሆነ አቁሙ።

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ። ሙሉውን 500 ቅንጣት ለፕሌኑ መጠቀም ይቻላል፣ የሚለካውን ቅንጣት ከፕሌኑ እያወጡ። ያኔ የሙሉው ሬዞሉሽን የግማሹ በ2 ስኩዌር ሩት ተባዝቶ ነው የሚል አቋራጭ በየቦታው ታገኛላችሁ። አቋራጩ የሚሠራው ሬዞሉሽኑ ትንሽ ሲሆን ብቻ ነው። በእኛ ዳታ 0.69 በ1.41 ሲባዛ 0.97 ይሰጣል፣ ትክክለኛው ግን 0.83 ነው። በአቋራጩ የሄደ ሰው 0.051 ያገኛል፤ ከመልሱ 15% ጎደለ። ሙሉውን ፎርሙላ ከቤሴል ፈንክሽኖች ጋር ተጠቀሙ፣ ወይም እንደ እኔ ግማሽ ለግማሽ ሥሩና ተገላገሉ።

ደረጃ 5፦ ሆን ብላችሁ አበላሹት

ዲቴክተር ሙሉ አይደለም። የሞተ ክፍል አለው። ይህን አስመስሉ፦ ባዶው ዳታ ላይ ከ0 እስከ 45 ዲግሪ ያሉትን ቅንጣቶች በሙሉ ጣሉ። ከዚያ ኩሙላንቱን አስሉ።

0.13 አካባቢ ይወጣል። ፍሰቱ ዜሮ ነው፣ ቀዳዳው ብቻ ነው የሚናገረው።

ማረሚያው፦ በሁሉም ኢቨንት ላይ የኮሳይን(2 × ፋይ) እና የሳይን(2 × ፋይ) አማካዮችን አውጡ። ሁለቱም −0.09 አካባቢ ይሆናሉ፤ ጤነኛ ዲቴክተር ቢሆን ዜሮ ነበሩ። ስኩዌሮቻቸውን ከጥንዶቹ አማካይ ቀንሱ። ባዶው ዳታ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ፍሰት ባለበት ዳታ ላይ ግን ትንሽ ቀሪ ስህተት ይኖራል፤ በ0.06ቱ ዳታ ፈትናችሁ መጠኑን እወቁት። ክፍሉ ሙሉ በሙሉ ያልሞተ፣ ለምሳሌ ግማሹን ብቻ የሚያይ ከሆነ ለእያንዳንዱ ቅንጣት የብቃቱን ግልባጭ ክብደት መስጠት ይሻላል። ለሞተ ክፍል ክብደት አይሠራም፤ የሚመዘን ቅንጣት የለምና።

*ሲበላሽ፦* ማረሚያው እውነተኛውን 0.06 ጭምር ከዋጠው ደረጃ 2 ላይ ፕሌኑን አላዞራችሁም። ፕሌኑ ቆሞ ከቀረ ፍሰቱ ራሱ የዲቴክተር ቀዳዳ ይመስላል፣ ማረሚያውም አብሮ ይቀንሰዋል።

ደረጃ 6፦ የግላውበር ሞዴል

የትንተና ኮዳችሁ አሁን ይታመናል። ወደ ግጭቱ እንሂድ። ግላውበር እያንዳንዱን ኒውክሊየስ በራንደም በተቀመጡ ኒውክሊዮኖች (ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች) ሠርቶ የትኞቹ እንደተጋጩ የሚቆጥር ሞዴል ነው።

1. ለአንድ እርሳስ 208 ኒውክሊዮን አስቀምጡ። የእርቀቱ ክብደት አር² ÷ (1 + ኤክስፖኔንሻል((አር − 6.62) ÷ 0.546)) ነው፣ በፌምቶሜትር።
2. አቅጣጫውን ስትመርጡ የቴታን ኮሳይን ከ−1 እስከ 1 እኩል ምረጡ፣ ቴታን ራሱን አይደለም።
3. የግጭቱን ርቀት ቢ ምረጡ፦ 20 ፌምቶሜትር × ስኩዌር ሩት(ራንደም)።
4. አንዱን ኒውክሊየስ በግማሽ ቢ ወደ ቀኝ፣ ሌላውን ወደ ግራ ግፉ።
5. ሁለት ኒውክሊዮኖች በኤክስ–ዋይ ገጽ ላይ ያላቸው ርቀት ከስኩዌር ሩት(ሲግማ ÷ ፓይ) ካነሰ ተጋጭተዋል። ሲግማ የሁለት ኒውክሊዮኖች የመጋጨት ስፋት (ክሮስ ሴክሽን) ነው፤ በ2.76 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት 64 ሚሊባርን ነው።
6. ቢያንስ አንድ ጊዜ የተጋጩትን ብቻ ያዙ። አንድም ያልተጋጨበትን ኢቨንት ጣሉ።

208 × 208 ርቀቶች ናቸው፤ በአሬይ በአንድ ጊዜ አስሉ።

ሦስት ማረጋገጫዎች አሉ፣ ሦስቱንም ሥሩ። የመጀመሪያው፣ የአር² አማካይ ስኩዌር ሩት 5.5 ፌምቶሜትር መሆን አለበት። 4 አካባቢ ከሆነ ክብደቱ ውስጥ አር²ን ረስታችኋል። ሁለተኛው፣ 64 ሚሊባርን 6.4 ስኩዌር ፌምቶሜትር ስለሆነ የግጭቱ ገደብ 1.43 ፌምቶሜትር ይሆናል። 4.5 ከወጣ አሃዱን አልቀየራችሁም። ሦስተኛው፣ ኢቨንቶቹን በተሳታፊ ኒውክሊዮን ብዛት ደርድሩና ከላይ ያለውን 5% ቁረጡ። የተሳታፊዎች አማካይ 380 አካባቢ ይሆናል። ይህ ሦስተኛው ካልመጣ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ተራ 3 ላይ ነው፤ ቢን ያለ ስኩዌር ሩት እኩል መርጣችሁ ማዕከላዊ ግጭቶችን አብዝታችኋል።

ከዚያ ቅርጹን ለኩ። ተሳታፊዎቹን በመጀመሪያ ወደ ራሳቸው መካከለኛ ነጥብ አምጡ። ይህን የረሳ ሰው ቅርጹን ሳይሆን የመሐሉን መንሸራተት ነው የሚለካው። ቀጥሎ የአር² × ኮሳይን(2 × ፋይ) እና የአር² × ሳይን(2 × ፋይ) አማካዮችን አውጡ። የስኩዌሮቻቸው ድምር ስኩዌር ሩት ለአር² አማካይ ሲካፈል ኤክሰንትሪሲቲ (የሞላላነቱ መጠን) ነው። በ20–30% ክፍል 0.3 አካባቢ ይወጣል። የፕሌኑ ማዕዘን (አርክታን2 + ፓይ) ÷ 2 ነው። ፓይን ከረሳችሁ ፕሌኑ በ90 ዲግሪ ይዞርና በእሱ የሚለካው ቪ2 ኔጌቲቭ ይሆናል።

ደረጃ 7፦ ሁለቱን አገናኙ

ቪ2ን 0.2 × ኤክሰንትሪሲቲ አድርጉ። ይህ የሃይድሮዳይናሚክስ ምትክ ነው እንጂ ሃይድሮዳይናሚክስ አይደለም፤ ሪፖርታችሁ ላይ በግልጽ ጻፉት። በእያንዳንዱ ኢቨንት ቪ2 እና የፕሌን ማዕዘን ከግላውበር ውሰዱ፣ ቅንጣት በደረጃ 2 አውጡ (0.06ን በዚህ ቪ2፣ 1.12ን በ1 + 2 × ቪ2 ተክታችሁ)፣ በደረጃ 3 ለኩ።

ውጤቱን ለ0.2 ስታካፍሉ የኤክሰንትሪሲቲውን አማካይ አትጠብቁ። የሚመጣው የስኩዌሩ አማካይ ስኩዌር ሩት ነው። ሞላላው ቅርጽ ጎልቶ በሚታይበት ክፍል ልዩነቱ ትንሽ ነው። በጣም ማዕከላዊ በሆኑት ግጭቶች ግን ቅርጹ የሚመጣው ከኒውክሊዮኖች ራንደም አቀማመጥ ብቻ ስለሆነ ልዩነቱ እስከ 13% ይደርሳል። ስህተት ፍለጋ ሌሊቱን ሙሉ ከመቀመጣችሁ በፊት ይህን አረጋግጡ።

ደረጃ 8፦ አሁን ሃይድሮውን ክፈቱ

ፓኬጁን መጀመሪያ ክብና ለስላሳ በሆነ መነሻ ቅርጽ አሂዱ። ቪ2 ዜሮ መሆን አለበት። ቪ4 (እንደ ቪ2 ሆኖ ማዕዘኑ በ2 ፈንታ በ4 የሚባዛበት) ብቻ ብቅ ካለ ካሬው ግሪድ ራሱ እየተናገረ ነውና ግሪዱን አጥብቡ። ቀጥሎ ሞላላ ቅርጽ ስጡት፣ ከዚያ በ30 ዲግሪ አዙራችሁ ድገሙ። ቪ2 መቀየር የለበትም። ቪስኮሲቲውን ለኢንትሮፒ ባለው ንጽጽር ከ0.08 ወደ 0.16 ስታሳድጉ ቪ2 ይቀንሳል፣ ቪ3 ደግሞ ከእሱ በላይ ይቀንሳል። ይህ ካልታየ መለኪያው ኮዱ ውስጥ አልገባም ማለት ነው። የሚወጡትን ቅንጣቶች በዚያው በራሳችሁ የደረጃ 3 ኮድ ለኩ።

ከእውነተኛው ዳታ ጋር ስታነጻጽሩ ዘዴውም ቅንጣቶቹም አንድ ይሁኑ። አሊስ በ2010 ባወጣው ልኬት የወሰደው ሱዶራፒዲቲያቸው ከ−0.8 እስከ 0.8፣ ተሻጋሪ (ከጨረሩ ወደ ጎን ያለው) ሞመንተማቸው ከ0.2 እስከ 5 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት የሆኑትን ነው። በባለ ሁለት ቅንጣት ኩሙላንት በ50–60% ክፍል 0.106፣ በባለ አራት ቅንጣት ደግሞ በ40–50% ክፍል 0.087 አግኝቷል። በአንድ ክፍል ውስጥ በሁለቱ ዘዴዎች መካከል ያለው ልዩነት የሚመጣው ከኢቨንት ኢቨንት ከሚለያየው ፍሰትና ከነን-ፍሎው ነው። የእናንተን የ50–60% የሁለት ቅንጣት ውጤት ከ0.106 ጋር ብቻ አስቀምጡ፣ የ40–50% የአራቱን ከ0.087 ጋር።